ከጠፉት የጥንት አራዊት የትኛው ይመለስ?

በዚህ ሳምንት ለቤተ ሰብ ገጽ የምንጽፈው ነገር ከልጅ ጥያቄ የተነሣ ነው። መጀመሪያ ጨዋታ መስሎን ነበር፤ ውሎ አድሮ ግን የወላጅም የሹምም ጉዳይ ሆኖ ስላገኘነው፥ ከእናንተ ጋራ ልንመክርበት ወደድን። ዓመታቱን ሁሉ የምንጽፈው በሀገራችን አቈጣጠር ነው።

ባለፈው ቅዳሜ ልጆቻችንን አስከትለን ከኮልፌ ቀራንዮ ወደ አምስት ኪሎ ሄደን ብሔራዊ ቤተ መዘክርን ጐበኘን። በዚያም በኅዳር 1967 ዓ.ም. በአፋር ምድር፥ በሐዳር የተገኘችውን የድንቅነሽን ምስል፥ ደግሞም ከየስፍራው ተቈፍረው የወጡትን የጥንት አራዊት አጥንቶች አየን። ስንመለስ አጣና ተራ አጠገብ መንገዱ በመኪና ተጨናንቆ ቆምን። በዚያን ጊዜ ዐሥራ ሦስት ዓመት የሆነው ልጃችን፥ «አባባ፥ ከጠፉት አራዊት አንዱን ብቻ መርጠው ከሞት ያስነሡ ቢባሉ፥ የትኛውን ይመርጣሉ?» ብሎ ጠየቀን። እኛም መልሱ ቶሎ ስላልመጣልን፥ «ማታ ቡና ሲፈላ ሁላችንም እንመልሳለን» አልነው። ሥራችን በፍርድ ቤት ጸሐፊነት ስለ ሆነ ቀጠሮ መስጠት አይቸግረንም።

ማታ ረከቦቱ ቀርቦ፥ ቄጠማው ተጐዝጕዞ፥ ሁሉም ምርጫውን ለመናገር ተቀመጠ። አማታችንም ከእኛ ጋራ የሚኖሩ የጭልጋ ሰው ናቸውና በወንበራቸው ሆነው ያደምጡ ነበር።

ልጃችን የመረጠው በአያቱ አገር የተገኘውን አውሬ ነው። ከጐንደር በስተ ምዕራብ ባለችው በጭልጋ የኢትዮጵያና የውጭ አገር ሊቃውንት አብረው ቈፍረው፥ 27 ሚሊዮን ዓመት ያህል የሆናቸውን አጥንቶች እንዳገኙ በ1996 ዓ.ም. ለዓለም አስታውቀዋል። ከነዚህም አንዱ አርሲኖይቴሪየም የሚሉት ነው። ስሙ ከጥንታዊቱ የግብፅ ንግሥት ከአርሲኖዬ የተወሰደ ነው፤ የዚህ ወገን አጥንት አስቀድሞ በግብፅ በፋዩም ተገኝቶ ነበርና። መልኩ አውራሪስ ይመስላል፤ ዘመድነቱ ግን ለዝሆን ይቀርባል። ባፍንጫው ላይ ሁለት ታላላቅ ቀንዶች ጐን ለጐን ቆመው ነበር። በዚያ ዘመን አፍሪቃ ከዐረብ ምድር ጋራ ሆና ከሌላው ዓለም በባሕር ተለይታ ትኖር ስለ ነበር፥ ዛሬ የኛ የምንላቸው አንበሳና ቀጭኔ ገና ወዲህ አልተሻገሩም። ልጃችን ይህን ሁሉ በደብተሩ ጽፎ ነበርና እንደ ክስ ማመልከቻ አነበበልን።

ዘጠኝ ዓመት የሆናት ልጃችን ደግሞ ሲቫቴሪየም የተባለውን መረጠች። ይህ የቀጭኔ ወገን ሲሆን አንገቱ አጭር፥ አካሉ ወፍራም፥ ቀንዱም ሰፊ የነበረ አውሬ ነው፤ አጥንቱ በኦሞ ሸለቆና በአፋር ተገኝቷል። «ቀጭኔ ዘመድ ታገኛለች» የሚል ምክንያት ሰጠች። እኛም በተራችን በጥንት ዘመን በሀገራችን ይኖር የነበረውን ትልቁን ጭላዳ መረጥን፤ ዛሬ በሰሜን ተራሮች ሣር ሲነጭ ከምናየው ጭላዳ በአካል የሚበልጥ ዘመዱ ነበረ።

ባለቤታችን ግን ስኒውን እየቀዱ፥ «እኔ ከመምረጤ በፊት አንድ ነገር ይነገረኝ። ይህ የጭልጋ አውሬ ቢመጣ ምን ይበላል? የትስ ያድራል?» አሉ። ልጃችን ደብተሩን ገለበጠ፤ መልሱ አልተገኘም። አውሬው በነበረበት ጊዜ ጭልጋ ርጥብ ደን ነበረች፤ ያ ደን ዛሬ የለም። ጥያቄው በዚሁ ለሌላ ቀን አደረ፤ እኛም ሳምንቱን ሙሉ ነገሩን ስንመረምር ሰነበትን። ያገኘነውን እነሆ እንናገራለን።

ሕይወት ያለው ሁሉ በሥጋው ውስጥ የዘሩ ጽሕፈት አለው፤ ሊቃውንት ዲኤንኤ ይሉታል። እንስሳው እንዴት እንዲሠራ የሚያዝዘው ይህ ጽሕፈት ነው። የጠፋን እንስሳ ለመመለስ የሚያስብ ሰው አስቀድሞ ይህን ጽሕፈት ማግኘት አለበት። ነገር ግን እንስሳው ሲሞት ጽሕፈቱ መበጣጠስ ይጀምራል፤ ሙቀትም ርጥበትም ያፋጥነዋል። በሰሜን ዋልታ አጠገብ፥ ምድሩ ዘወትር በረዶ በሆነበት ስፍራ፥ ከሚሊዮን ዓመት የሚበልጥ የማሞት ዝሆን ጥርስ ውስጥ ጽሕፈቱ እንደ ተነበበ በ2013 ዓ.ም. ተነግሯል። በ2015 ዓ.ም. ደግሞ በግሪንላንድ ምድር ሁለት ሚሊዮን ዓመት የሆነው ቍርጥራጭ ተገኝቷል። ከዚህ የሚበልጥ ዕድሜ ያለው እስከ ዛሬ አልተነበበም።

የኛ አገር ግን ቆላው የሚያቃጥል ነው። ድንቅነሽ 3.2 ሚሊዮን ዓመት ያህል ሆኗታል፤ አጥንቷ ተርፎ ለዓለም ሁሉ ሲያስተምር የዘሯ ጽሕፈት ግን አልተረፈም። በሀገራችን ጽሕፈቱ ሙሉ ሆኖ በመነበቡ የታወቀው በጋሞ ደጋ፥ ሞታ በተባለው ዋሻ የተገኘው ሰው ነው። እርሱ 4,500 ዓመት ያህል የሆነው ነው፤ ዋሻው ቀዝቃዛ ስለ ነበረ ጽሕፈቱ ተጠብቆ ተገኘ፤ ይኸውም በ2008 ዓ.ም. ሲታወጅ፥ ከአፍሪቃ ጥንታውያን ሰዎች ሙሉ ጽሕፈቱ የተነበበለት የመጀመሪያው ተባለ። እንግዲህ ከ4,500 ዓመትና ከ27 ሚሊዮን ዓመት መካከል ያለውን ርቀት አንባቢ ያስተውል። የጭልጋው አውሬ አጥንት ድንጋይ ሆኗል፤ በውስጡም የሚነበብ ፊደል የለም። ይህን ለልጃችን ስንነግረው ፊቱ ጠቈረ፤ ሐሰት ተናግረን ልናስደስተው ግን አልወደድንም።

«ታዲያ አሜሪካኖች ተኩላ አስነሡ የተባለውሳ?» ብሎ መልሶ ጠየቀን። ነገሩ እንዲህ ነው። በመጋቢት 2017 ዓ.ም. ኮሎሳል ባዮሳይንስስ የተባለ የአሜሪካ ኩባንያ፥ ከዐሥር ሺህ ዓመት በፊት ገደማ የጠፋውን ዳየር የተባለውን ታላቅ ተኩላ መልሰናል ብሎ ሦስት ነጫጭ ቡችሎች አሳየ። የ13,000 ዓመት ጥርስና የ72,000 ዓመት ራስ ቅል ተገኝቶ ጽሕፈቱ በከፊል ተነቦ ነበር። ሠሪዎቹ ዛሬ በሕይወት ያለውን ግራጫ ተኩላ ሕዋስ ወስደው፥ በጽሕፈቱ 20 ስፍራ ላይ አርመው፥ በውሻ ማሕፀን አሳድገው ቡችሎቹን አስወለዱ። ብዙ ሊቃውንት ግን፥ «ይህ የታረመ ግራጫ ተኩላ ነው እንጂ የጠፋው ተኩላ አይደለም» ብለው ተከራከሩ።

እኛ በልጅነታችን በቤተ ክርስቲያን ትምህርት ቤት ብራና ሲጻፍ አይተናል። ቅጠሉ የጠፋበት መጽሐፍ ሲገኝ፥ ጸሐፊው ከሌላ ደብር ያንኑ መጽሐፍ ተውሶ የጐደለውን ይሞላ ነበር። ሌላ ቅጂ በዓለም ላይ ከሌለ ግን፥ ሌላ መጽሐፍ አንሥቶ ሃያ ቃል አርሞ በላዩ የጠፋውን መጽሐፍ ስም ቢጽፍበት፥ የጠፋው ተመለሰ ብሎ የሚቀበለው ሊቅ አይገኝም። በፍርድ ቤትም ቢሆን ግልባጭ የሚታመነው ከዋናው ጋራ ሲመሳከር ነው። የሠሪዎቹ ጥበብ ታላቅ መሆኑን አንክድም፤ ለበሽታና ለእንስሳት ጥበቃም ሊጠቅም ይችላል። ስሙ ግን በልኩ ይሰጠው እንላለን።

ከዚህ ይልቅ ልባችንን የነካው የተራራ ፍየል ታሪክ ነው። በእስፓኝና በፈረንሳይ ወሰን፥ በፒሬኔ ተራሮች፥ ቡካርዶ የሚባል ባለ ታላቅ ቀንድ የገደል ፍየል ነበረ። በአደን ብዛት እየተመናመነ ሄዶ በመጨረሻ አንዲት እንስት ብቻ ቀረች። ሊቃውንቱ ከቈዳዋ ጥቂት ወስደው በብርድ አስቀመጡ፤ እርሷም በታኅሣሥ 1992 ዓ.ም. ዛፍ ወድቆባት ሞታ ተገኘች። በሐምሌ 1995 ዓ.ም. ከዚያ ከተቀመጠው ሕዋስ በብዙ ፍየሎች ማሕፀን ተሞክሮ አንዲት ግልገል ተወለደች። ከጠፋ በኋላ እንደ ገና የተወለደ የመጀመሪያው እንስሳ እርሷ ናት። ነገር ግን ሳንባዋ ጤናማ ስላልነበረ በጥቂት ደቂቃዎች ውስጥ ሞተች፤ ቡካርዶም ሁለተኛ ጠፋ። በሕይወት ብትቈይም ኖሮ ወንድ አልነበረላትም፤ የተቀመጠው ሕዋስ የአንዲት እንስት ብቻ ነበርና።

ይህን ታሪክ በማግሥቱ እሑድ ማታ ለቤተ ሰባችን ስናነብ፥ ዝም ብለው የሰነበቱት አማታችን፥ «ልጄ፥ ለመሆኑ የተወለደችውን ማን ያሳድጋት ነበር?» አሉን። «ፍየሊቱ ናታ፥ እማማ» ብንል፥ «ፍየል ለገደል ምን ታውቃለች? የዋልያ ግልገል ገደል የሚወጣው እናቱ ስትወጣ እያየ ነው። እናንተ ሥጋውን ትሠሩ ይሆናል፤ የእናቱን መንገድ ግን ከየት ታመጡለታላችሁ?» ብለው መለሱ። ለዚህ ነገር መጻሕፍቱም የተሻለ መልስ አልነበራቸውም። እንስሳ ሥጋና አጥንት ብቻ አይደለም፤ ከመንጋው የሚማረው፥ የሚኖርበትም ስፍራ ተጨምሮ ነው እንስሳ የሚሆነው። ባለቤታችን ቅዳሜ ማታ የጠየቁትም ይህንኑ ነበር።

አማታችን ዋልያን ያነሡት ያለ ነገር አይደለም። ዋልያ የቡካርዶ የቅርብ ዘመድ ነው፤ እርሱም የገደል ፍየል ነው፥ ቀንዱም እንደዚያው የታጠፈ ታላቅ ነው። በምድር ላይ በዱር የሚኖርበት ስፍራ የሰሜን ተራሮች ብቻ ነው፤ ቍጥሩም ከጥቂት መቶ አይበልጥም። ለእርሱና ለአካባቢው ጥበቃ በ1962 ዓ.ም. የሰሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ ተቋቋመ፤ በ1970 ዓ.ም. በዓለም ቅርስነት ተመዘገበ፤ በ1989 ዓ.ም. በአደጋ ላይ ካሉት ቅርሶች መዝገብ ገባ፤ በ2009 ዓ.ም. ከዚያ መዝገብ ወጣ። ከመዝገቡ ለመውጣት ከተከፈለው ዋጋ አንዱ፥ በፓርኩ ውስጥ የነበረችው የግጭ መንደር ነዋሪዎች ቤታቸውንና ግጦሻቸውን ለቀው ወደ ደባርቅ መዛወራቸው ነው። ዋልያን ስናመሰግን እነዚህን ሰዎች መርሳት አይገባንም። ሹም የሆነ አንባቢያችን ይህን ያስብ፤ የተፈናቀለው ገበሬ ኑሮው ካልተቃና ለዋልያው የሚራራ ልብ አይኖረውምና።

ተኩላን በተመለከተም እንዲሁ ነው። አሜሪካኖች ለጠፋው ተኩላ ሲደክሙ፥ በእኛ ደጋ የተኩላ ወገን የሆነው ቀይ ቀበሮ በሕይወት አለ። በባሌ፥ በአርሲ፥ በሰሜን፥ በመንዝና በወሎ ደጋዎች የሚኖረው ሁሉ ተደምሮ 500 ያህል ነው፤ ከኢትዮጵያ በቀር በየትም አይገኝም። እርሱን ከሚያጠፉት ነገሮች አንዱ እርሻው ወደ ደጋው እየወጣ ስፍራውን ማጥበቡ ሲሆን፥ ሌላው ከእረኞች ውሾች የሚይዘው የእብድ ውሻ በሽታ ነው። በ1996 ዓ.ም. ይህ በሽታ ባሌ ገብቶ በዌብ ሸለቆ ከነበሩት ቀበሮዎች አብዛኞቹን ጨረሰ። ስለዚህም ውሾቹን ከመከተብ ሌላ፥ ከ2010 ዓ.ም. ጀምሮ በባሌ ለቀበሮዎቹ ራሳቸው መድኃኒቱን በፍየል ሥጋ ውስጥ ደብቀው ማብላት ተጀምሯል። በአንድ ቍራጭ ሥጋ የሚድነውን ነፍስ ቸል ብሎ ሞቶ ካለቀ በኋላ በብዙ ሚሊዮን ገንዘብ መፈለግ፥ አባቶቻችን «ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ» ያሉት ነው።

የመንዝ ሰዎች ግን ይህን አስቀድመው ያወቁ ይመስላሉ። ጓሳ በተባለው ደጋቸው ላይ ሣሩ የሚታጨድበትንና ከብት የሚሰማራበትን ጊዜ ቄሮ በሚሉት ሥርዓት እየወሰኑ፥ በተከለለው ዓመት የገባውን እየቀጡ፥ ምድሩን ለብዙ መቶ ዓመታት ጠብቀዋል። ሥርዓቱ በ1967 ዓ.ም. ከወጣው የመሬት አዋጅ በኋላ ቢላላም፥ ሕዝቡ ጥበቃውን በሌላ መልክ ቀጥሎ፥ ዛሬም ቀይ ቀበሮውና ጭላዳው በዚያ ይታያሉ። እነዚያ አባቶች ሣሩን የጠበቁት ለቤታቸው ክዳንና ለከብታቸው ነበር፤ ሣሩ ሲጠበቅ ግን አውሬውም አብሮ ተጠበቀ።

የጠፋ ነገር ጨርሶ አይመለስም ማለታችን ግን አይደለም። ከኮልፌ ቀራንዮ ወደ ምዕራብ ሲመለከቱ የወጨጫ ተራራ ይታያል፤ በጐኑም የመናገሻ ደን አለ። ዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ ከወፍ ዋሻ የጥድ ዘር አስመጥተው በዚህ ተራራ እንዳስተከሉ ሲነገር ኖሯል። ዛሬ በዚያ ደን ድኩላና ጉሬዛ ይኖራሉ። ይህ ለመሆን የቻለው በወፍ ዋሻ ሕያው ጥድ ስለ ነበረ ነው። በወፍ ዋሻም ጥዱ አልቆ ቢሆን ኖሮ የንጉሥ ትእዛዝ እንኳ አያበቅለውም ነበር። ስለዚህ ከሙት መመለስ የሚቻለው ሕያው ዘር በአንድ ስፍራ ተጠብቆ ሲቈይ ነው፤ ዋልያ ግን ሌላ ወፍ ዋሻ የለውም።

እንግዲህ ለልጃችን ጥያቄ የቤታችን ብይን ይህ ነው። ከጠፉት አንዱን ምረጡ ብንባል፥ ምርጫችን ገና ያልጠፋው ዋልያ ነው። የጭልጋው ባለ ሁለት ቀንድ አውሬ የጠፋው ሰው ሳይፈጠር ነውና በእርሱ የሚጠየቅ የለም፤ ዋልያ ቢጠፋ ግን የምንጠየቀው እኛ ነን፥ በዘመናችን ሆኗልና። «ሳይቃጠል በቅጠል» የተባለው ለዚህ ዓይነቱ ነገር ነው። ልጃችን ብይኑን ሰምቶ ጥቂት አሰበና፥ «እሺ፥ ግን የጭልጋውን ሥዕል ከግድግዳዬ አላወርድም» አለ። እኛም ይህን ፈቀድን፤ የሞተውን ማወቅና ማድነቅ ለሕያው መራራትን ያስተምራል እንጂ አይከለክልም።

ብይኑን አንብበን ስንጨርስ ባለቤታችን ስኒውን እየሰበሰቡ፥ «ስለ ባሌ ውሾች ክትባት ያነበቡልን መልካም ነው፤ የኛ ግቢ ውሻ የተከተበው መቼ ነው?» ብለው ጠየቁን። ወረቀቱን ብንፈልግ ዘመኑ ካለፈ ሁለት ዓመት ሆኖት አገኘነው። በኮልፌ ቀይ ቀበሮ የለም፤ የእብድ ውሻ በሽታ ግን ቀበሮ ባላገኘበት ስፍራ ልጅን ይገድላል፤ ምልክቱ ከታየ በኋላም መድኃኒት የለውም። ለሌላው ምክር ልንጽፍ ብዕር አንሥተን ሳለ በገዛ ግቢያችን በቸልተኝነት ተገኘን።

ስለዚህ ሰኞ ጧት ከሥራ በፊት እኛና ልጃችን ውሻውን በገመድ አስረን ወደ እንስሳት ሐኪም ወሰድነው። በየግቢያችሁ፥ ይልቁንም በደጋው ባሉት ርስትና እርሻችሁ ውሻ ያላችሁ አንባቢዎቻችን ሁሉ፥ ይህን ጋዜጣ አጥፋችሁ ከማስቀመጣችሁ በፊት የክትባቱን ወረቀት እንድትመለከቱ በትሕትና እናሳስባለን። ልጃችንም የውሻውን ወረቀት ተቀብሎ ከጭልጋው አውሬ ሥዕል አጠገብ ሰቅሎታል።